አንዱ ሲሊንደር ሲከሽፍ፦ ያገለገለ መኪና፣ የላስታ ከፍታና የመካኒክ ምርመራ

ከላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ ወደ ከተማዋ የሚወጣ መኪና በአጭር ርቀት ውስጥ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨምራል። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ ከተማዋ ደግሞ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። የነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያንም የሚገኘው በዚሁ አቅጣጫ ነው። አሽከርካሪው ማርሽ ቀንሶ ነዳጅ ሲረግጥ፣ በሜዳ ላይ ድምፁን አጥፍቶ የቆየ ጉድለት በዳገቱ ወገብ ላይ ይገለጣል። መኪናው ይንገጫገጫል፣ ጉልበቱ ይከዳል፣ ከማርሚታው የታፈነ ተኩስ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። የጋራዥ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «በሦስት ነው የሚሠራው» ይላሉ፤ ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ሥራውን ትቷል ማለታቸው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ይህን ጉድለት «ክሽፈት» ብለን እንጠራዋለን። ጥይት ቃታው ተስቦ ሳይፈነዳ ሲቀር ከሸፈ እንደሚባለው ሁሉ፣ በሲሊንደር ውስጥ የተጨመቀው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ መቀጣጠል በሚገባው ቅጽበት ሳይቀጣጠል ሲቀር፣ ወይም ተቀጣጥሎ በወጉ ሳይነድ ሲቀር፣ ሲሊንደሩ ከሽፏል።

ጉዳዩ ለሳይንስ መጽሔት የማይመጥን የጋራዥ ወሬ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። እንግዲህ በመንገዳችን ላይ ያሉት የቤንዚን መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ማርጀታቸው አይቀርም። ለአንድ መምህር ወይም ለአንድ አነስተኛ ነጋዴ ያገለገለ መኪና የብዙ ዓመት ቁጠባ ነው፤ «ሞተሩ ይውረድ» የሚል አንድ የመካኒክ ቃል ያን ቁጠባ ሊያናጋው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ፤ ሞተሩ ለምን ይከሽፋል? የሚነግረንንስ ሰው እንዴት እንመን? ሁለቱ አዘውትረው ለየብቻ ይታያሉ። እኔ ግን ሁለቱም የሚመለሱት በመለካት ስለሆነ አንድ ጥያቄ ናቸው ባይ ነኝ።

ሦስቱ ቅድመ ሁኔታዎች

አንድ የቤንዚን ሲሊንደር እንዲሠራ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ መሟላት አለባቸው። የአየርና የቤንዚኑ መጠን የተመጣጠነ መሆን አለበት፤ በክብደት ሲለካ ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር ያስፈልጋል። ድብልቁ በሚገባ መጨመቅ አለበት። በመጨረሻም ብልጭታው በቂ ኃይል ይዞ በሰዓቱ መድረስ አለበት። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሲሊንደሩ ይከሽፋል፤ የክሽፈት መንስኤ ሁሉ ከእነዚህ በአንዱ ሥር ይመደባል።

የመንገጫገጩን ስሜት በቁጥር ማስላት ይቻላል። በአራት ምት የሚሠራ ሞተር ውስጥ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ይቀጣጠላል። ሞተሩ ቆሞ በሚኒሞ በደቂቃ 800 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 400 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 7 ጊዜ ገደማ ይመታል፤ አራቱ ተደምረው በሴኮንድ 27 ምት ገደማ ይሆናሉ። ጤነኛ ሞተር በሴኮንድ 27 ጊዜ ሲገፋ ሰውነታችን እንደ አንድ የተያያዘ ጉርምርምታ ይሰማዋል። አንዱ ሲከሽፍ ግን በሴኮንድ 7 ጊዜ የሚደጋገም ክፍተት ይፈጠራል፤ ይህን ያህል ዝግ ያለ መወዛወዝ መሪውም፣ ወንበሩም፣ የኋላ ማሳያ መስተዋቱም ያሳዩታል። በሚኒሞ ላይ መስተዋቱ ውስጥ ያለው ምስል ሲንቀጠቀጥ ማየት ያለ ምንም መሣሪያ የሚደረግ የመጀመሪያ ምርመራ ነው።

ብልጭታው ከየት ይመጣል?

ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ነው። በካንዴላው ጫፍ ላይ ያለው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.8 እስከ 1.1 ሚሊሜትር ነው። በባሕር ወለል ላይ ያለ ደረቅ አየር ኤሌክትሪክ ሰብሮት እንዲያልፍ በአንድ ሚሊሜትር 3000 ቮልት ያህል ይፈልጋል። በሲሊንደሩ ውስጥ ግን ጋዙ ብዙ እጥፍ ስለተጨመቀ ፍላጎቱ ወደ 10 ሺህ፣ አንዳንዴም ወደ 20 ሺህ ቮልት ይደርሳል። ከ12 ቮልት ወደዚህ የሚያደርሰን ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው የኢንዳክሽን ሕግ ነው። ኮይሉ በአንድ ብረት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች አሉት፤ የመጀመሪያው ጥቂት መቶ ዙር፣ ሁለተኛው ብዙ ሺህ ዙር አለው። በመጀመሪያው ሽቦ 6 አምፔር የሚያህል ጅረት ከተላለፈ በኋላ በድንገት ይቋረጣል። የማግኔት መስኩ በቅጽበት ሲፈርስ በሁለተኛው ሽቦ ጫፍ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይወለዳል። የመጀመሪያው ሽቦ ኢንዳክታንስ 5 ሚሊሄንሪ ነው ብንል የተጠራቀመው ጉልበት የኢንዳክታንሱና የጅረቱ ስኩዌር ብዜት ግማሽ፣ ማለትም 0.09 ጁል ነው። ከ0.1 ጁል ያነሰች ጉልበት ናት አንድ ቶን የሚከብደውን መኪና ዳገት የምታወጣው፤ ቤንዚኑን የምትቀሰቅሰው እሷ ነችና።

እ.ኤ.አ. በ1889 ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፓሸን ጋዝን ሰብሮ ለማለፍ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በጋዙ ግፊትና በክፍተቱ ርዝመት ብዜት እንደሚወሰን አሳየ። ለመካኒኩ ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ትልቅ ነው። በሚኒሞ ላይ የአየር መግቢያው በር ሊዘጋ ትንሽ ስለሚቀረው በሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨመቀው ጋዝ ጥቂት ነው፤ ደካማ ኮይልም ቢሆን ብልጭታውን ያሳልፋል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ በሩ ይከፈታል፣ ሲሊንደሩ ይሞላል፣ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ይጨምራል። ያን ጊዜ ደካማው ኮይል፣ ክፍተቱ የሰፋው ካንዴላ ወይም ሽፋኑ የተሰነጠቀው የካንዴላ ገመድ እጅ ይሰጣል። የተሰነጠቀ ገመድ ባለበት ብልጭታው በካንዴላው በኩል ከማለፍ ይልቅ በስንጥቁ በኩል ወደ ሞተሩ ብረት መዝለል ይቀለዋል። ስለዚህ በሚኒሞ ጸጥ ብሎ ዳገት ላይ ብቻ የሚከሽፍ ሞተር ሲያጋጥም በመጀመሪያ ጥርጣሬው በኤሌክትሪኩ ላይ ይወድቃል። ሌሊት በጨለማ ቦታ ሞተሩን አስነስቶ መከለያውን ከፍቶ ማየት ብቻ፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በገመዱ ላይ የምትዘል ሰማያዊ ብልጭታን ሊያሳይ ይችላል። እጅ ግን ከገመዱ ይራቅ።

ከዚህ አንድ የሚያስገርም ውጤት ይከተላል። በላሊበላ አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደሩ ቢሞላም የተጨመቀው ጋዝ ከቆላው ያነሰ ነው፤ ስለዚህ የሚፈለገውም ቮልቴጅ ያንሳል። በደጋው ደኅና ሲሠራ የከረመ ደካማ ኮይል ከወልድያ ወደ ሚሌ ቆላ ሲወርድ መክሸፍ ሊጀምር ይችላል። ሻጩ «እዚህ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ስስ አየርና ካርቡራቶር

በመደበኛው የከባቢ አየር ሠንጠረዥ መሠረት የአየር ግፊት በባሕር ወለል 1013 ሄክቶፓስካል ሲሆን በ2500 ሜትር 747፣ ከፍታው 3000 ሜትር በሚደርስበት በጋሸና አካባቢ ደግሞ 701 ያህል ነው። የአየሩ ጥቅጥቅነት በላሊበላ ከፍታ ከባሕር ወለሉ 78 በመቶ ብቻ ነው። ሞተር የሚስበው አየር በይዘት እንጂ በክብደት ስላልሆነ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። አንድ ፍጹም ጤነኛ መኪና በላስታ ሲገባ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ በላይ ይጎድለዋል፤ ይህ በሽታ ስላልሆነ ማንም መካኒክ ሊያድነው አይችልም፤ አድናለሁ የሚልም ካለ ገንዘብዎን ይጠብቁ።

ኢንጀክተር ባላቸው መኪናዎች ኮምፒዩተሩ የአየሩን መጠን ለክቶ ቤንዚኑን ስለሚቀንስ ድብልቁ አይዛባም። በአገራችን ግን እንደ ቶዮታ ዲኤክስ ያሉ ካርቡራቶር ያላቸው መኪናዎች ዛሬም ይሠራሉ። ካርቡራቶር የበርኑሊን ሕግ በብረት የጻፈ መሣሪያ ነው። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይወርዳል፤ ያ የግፊት ልዩነት ቤንዚኑን በናስ ቀዳዳ በኩል ይስበዋል። በአንድ የግፊት ልዩነት የሚያልፈው የአየር ክብደት ከአየሩ ጥቅጥቅነት ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል፤ የቤንዚኑ ጥቅጥቅነት ግን በከፍታ አይለወጥም። እንግዲህ የአየሩ ጥቅጥቅነት ወደ 0.78 ሲወርድ ቤንዚኑ ከአየሩ አንጻር በ1 ሲካፈል የ0.78 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 1.13 እጥፍ ይሆናል። በባሕር ወለል በ14.7 የተስተካከለ ካርቡራቶር ላሊበላ ሲደርስ 13 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ወዲያው አይከሽፍም፤ ነገር ግን በካንዴላው ላይ ጥቀርሻ እያለበሰ ይሄዳል፣ ጥቀርሻ ካርቦን ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ብልጭታውም ክፍተቱን ትቶ በጥቀርሻው ላይ ይንሸራተታል። የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ሲጨመርበት ይብሳል።

(በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ ሲድሊ የተባለውን መኪና ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ሲያመጣ ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2300 ሜትር በላይ ወጥቷል። የአገራችን የካርቡራቶር ፊዚክስ ከመጀመሪያው ቀን የጀመረ ነው ማለት ይቻላል።)

ጤነኛውን ሞተር በሽተኛ የሚያደርግ ቁጥር

አሁን ከሁሉ በላይ ገንዘብ ወደሚያስወጣው ስህተት እንለፍ። የጭመቃ መለኪያ በካንዴላው ቦታ ተገጥሞ ሞተሩ በሞተሪኖ ሲዞር የሚደርስበትን ግፊት ያሳያል። ቀለበቱ ያለቀ ወይም ቫልቩ የማይዘጋ ሲሊንደር ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። የአምራቾች ሠንጠረዥ ጤነኛው ይህን ያህል፣ ዝቅተኛው ይህን ያህል ብሎ ይወስናል።

የማውቀው በላሊበላ የሚያስተምር አንድ መምህር ዕድሜውን በድሬዳዋ የፈጀ ካርቡራቶር ያለው መኪና ገዛ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዳገት ላይ መክሸፍ ጀመረ። በመጀመሪያ የወሰደበት ጋራዥ ጭመቃውን ለካ፤ አራቱ ሲሊንደሮች 8.6፣ 8.7፣ 8.5 እና 8.6 ባር ሆኑ። በጋራዡ የነበረው ሠንጠረዥ ጤነኛው 12፣ ዝቅተኛው 9 ይላል። ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ፤ ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ፣ ቀለበትና ፒስተን ይለወጥ። ማንም አላጭበረበረም፤ የተለካው ቁጥር ትክክል ነው፣ ሠንጠረዡም ትክክል ነው።

ጉዳዩ ሠንጠረዡ ለባሕር ወለል የተጻፈ መሆኑ ነው። መለኪያው ዜሮ የሚለው የአካባቢውን የአየር ግፊት ነው። እውነተኛውን ግፊት ለማግኘት በላሊበላ 0.75 ባር ያህል እንጨምራለን፤ 8.6 የነበረው 9.35 ይሆናል። ሲሊንደሩ ግን ይህን የጀመረው ከ1.013 ሳይሆን ከ0.747 ባር ስለሆነ፣ ወደ ባሕር ወለል ለመመለስ ለ0.737 እናካፍለዋለን፤ 12.7 ይመጣል። ከዚህ የባሕር ወለሉን 1.01 ስንቀንስ 11.7 ባር እናገኛለን። ጤነኛው 12 በሆነበት ሠንጠረዥ 11.7 ለዕድሜ ጠገብ መኪና የሚያስመሰግን ነው። በተቃራኒው ስናሰላ፣ 12 ባር የሚለካ አዲስ ሞተር በላሊበላ የሚያሳየው 8.8 ባር ብቻ ነው፤ ከሠንጠረዡ ዝቅተኛ ወሰን በታች መሆኑን ልብ ይሏል። ሠንጠረዡን ሳያርም የሚያነብ ጋራዥ በዚህ ከፍታ ከፋብሪካ የወጣን ሞተርም «አልቋል» ሊል ነው።

መምህሩ መኪናውን በዕድሜ ጠና ወዳሉ ሌላ መካኒክ ወሰደ። እኒህ ሰው የከባቢ አየር ሠንጠረዥ አይተው አያውቁም፤ ቁጥሮቹን ሲያዩ ግን «መምህር፣ አራቱም እኩል ናቸው እኮ፤ የሚታመም ሞተር እኩል አይታመምም። እኔ እዚህ አገር 12 አይቼ አላውቅም» አሉት። አነጋገራቸው ከስሌቱ ጋር ፍጹም ይስማማል። ቀለበትና ቫልቭ በአራቱም ሲሊንደሮች በአንድ ልክ ማለቃቸው እምብዛም አይታይም፤ የአየር ግፊት ግን አራቱንም እኩል ዝቅ ያደርጋል። ፍጹሙ ቁጥር ስለ ከፍታው፣ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ስለ ሞተሩ ይናገራል። ከዚያ ካንዴላዎቹን አውጥተው ደረደሩ። ሦስቱ ደረቅ ጥቀርሻ ለብሰዋል፤ ሦስተኛው ሲሊንደር የነበረው ግን በቤንዚን ርሷል። የረጠበ ካንዴላ ቤንዚኑ ደርሶ ብልጭታው ያልደረሰበት ነው። የሦስተኛውንና የሁለተኛውን ገመድ ርዝመታቸው እስከፈቀደ ድረስ አለዋወጡ፤ ክሽፈቱ ወደ ሁለተኛው ተዛወረ። የተሰነጠቀው ገመድ ተለወጠ፣ ካንዴላዎቹ ተጠረጉ፣ ካርቡራቶሩ ለደጋው ተስተካከለ። ከድሬዳዋ ወደ ላሊበላ በመምጣቱ ብቻ ድብልቁ 7 በመቶ ያህል በቤንዚን በልጽጎ ነበር፤ ያ ብቻውን ባያከሽፍም ጥቀርሻውን ያብራራል። ሞተሩ አልወረደም።

አንዱን ብቻ መለወጥ

መካኒኩ ያደረጉት ማዛወር በማንኛውም ላቦራቶሪ የምናስተምረው ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተወው፣ ውጤቱን ተመልከት። በዘመናዊ መኪና እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ኮይል ስላለው ይህ ይበልጥ ይቀላል። የትኛው ሲሊንደር እንደከሸፈ ለማወቅ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት በየተራ መንቀል ይበቃል፤ ሲነቀል ድምፁ የማይለወጠው ሲሊንደር ቀድሞውንም የማይሠራው ነው። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ የዚያን ሲሊንደር ኮይል ከጎረቤቱ ጋር መለዋወጥ፤ ክሽፈቱ ከተከተለ ኮይሉ ነው፣ ካልተከተለ ካንዴላውን፣ ቀጥሎ ኢንጀክተሩን። ኤሌክትሪኩም ነዳጁም ነጻ ከወጡ ጭመቃው ይለካል። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ሌላ ብልህ ሙከራ ነው። ዘይቱ የቀለበቱን ክፍተት ለጊዜው ይደፍናል፤ ቁጥሩ ከጨመረ ቀለበት፣ ካልጨመረ ቫልቭ ወይም የቴስታታው ማሸጊያ ይጠረጠራል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ ሳይቃጠል አልቀረም።

ለማሸጊያ መቃጠል በደጋ አንድ የተለየ ምክንያት አለ። በላሊበላ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ የሞተሩ ሙቀት መደበኛ ሥራው ላይ ሳለ ከዚያ እምብዛም አይርቅም። ጤነኛ የራዲያተር ክዳን 0.9 ባር ያህል ግፊት ስለሚጨምር የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጎማው ያለቀ ክዳን ግን ሞተሩን ወደ መፍላት ጠርዝ ይገፋዋል። ክዳኑ ርካሽ ነው፤ ቴስታታ ማውረድ ውድ ነው።

በአንጻሩ በሚኒሞ ብቻ የሚከሽፍና ፍጥነት ሲጨምር የሚስተካከል ሞተር አየር ሳያስገባ አይቀርም። በአየር መግቢያው ላይ ያለ ስንጥቅ የሚያስገባው አየር በሚኒሞ ከሚገባው ጥቂት አየር ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነው፤ በሩ ሲከፈት ግን ከቁጥር አይገባም። በተለይ ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደው ቱቦ መፈተሽ አለበት። ሰርቮው የሚሠራው በከባቢ አየርና በሞተሩ መሳቢያ መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው፤ ይህ ልዩነት በስስ አየር ቀድሞውንም በጉልህ ይቀንሳል። ቱቦው ሲያፈስ ሚኒሞውም ይረበሻል፣ ፍሬኑም ይጠነክራል። ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ይህ የሞተር ብቻ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ መውረድም በዚሁ ምክንያት አደገኛ ነው።

ስለ ነዳጁ ጥራትም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ማደያ ሲደርቅ በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ ሊኖረው ይችላል። ጥቂት ቀድቶ በጠራ ጠርሙስ ማቆም ውኃውን ያሳያል፤ ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣል። ነጭ ጋዝ ከቤንዚን ጋር ስለሚዋሐድ አይለይም። ነገር ግን በነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ቢደረግ ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ተንኖ ሲጠፋ ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባት የመሰለ ቀለበት ትቶ ይቆያል። ሙከራው ከእሳት ርቆ ይደረግ።

የኮምፒዩተሩ ምስክርነት

«ቼክ ኢንጂን» የሚባለው መብራት ሲበራ የኮድ ማንበቢያ ይሰካል። ፒ0303 የሚል ኮድ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሽፏል ማለት ነው፤ ፒ0300 ደግሞ ክሽፈቱ ከሲሊንደር ሲሊንደር ይዘዋወራል ማለት ነው። ብዙ ሰው ኮዱ መንስኤውን የሚናገር ይመስለዋል። ኮምፒዩተሩ ግን ብልጭታውን አያይም። በክራንክሻፍቱ ላይ ያለ ጥርሳም ጎማ በሴንሰር ፊት ሲያልፍ ጊዜውን ይቆጥራል፤ በደቂቃ 3000 ዙር ላይ በየ10 ሚሊሴኮንዱ አንድ ግፊት ይጠብቃል፤ አንዱ ሲቀር ጎማው ለቅጽበት ይዘገያል። እንግዲህ ፒ0303 የሚለው «በሦስተኛው ተራ ዘገየ» ብቻ ነው፤ ከኮይል ይሁን፣ ከኢንጀክተር ይሁን፣ ከቫልቭ አያውቅም። ኮረኮንች መንገድ ላይ ደግሞ የጎማው ንቅናቄ በማርሹ በኩል ወደ ክራንክሻፍቱ ተመልሶ ክሽፈት ሊመስል ይችላል። ኮዱን አንብቦ ያለ ሌላ ሙከራ «ኮይል ግዛ» የሚል ሰው በሽተኛው የተኛበትን አልጋ ቁጥር አንብቦ መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ክሽፈቱ ከባድ ነው፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን በማርሚታው መሥመር ባለው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ ነድዶ ሊያቀልጠው ስለሚችል ነዳጅ መርገጡን ቀንሶ መቆም ይሻላል።

የሚታመን መካኒክ

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገለ መኪና ሻጭ ከገዢው የበለጠ ስለሚያውቅ፣ ደኅናው መኪና ከገበያ እየወጣ መጥፎው እንደሚበዛ አሳየ፤ በዚህ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። የጥገና ገበያ ደግሞ ከዚህ ይከፋል። መኪናው ገዢው ከወሰደው በኋላ ጠባዩን ያሳያል፤ ጥገና ግን ከተሠራም በኋላ አስፈላጊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው አይታወቅም። ያ መምህር ሞተሩን አስወርዶ ቢሆን ኖሮ በሥራው መካከል ገመዱም መለወጡ አይቀርም ነበር፤ መኪናው ይድናል፣ እሱም ያመሰግናል፣ ጋራዡም ትክክል ነበርኩ ብሎ ያምናል።

ስለዚህ መካኒክን በውጤት ብቻ መመዘን አይቻልም፤ በአሠራሩ ይመዘናል። በውጭ አገር ስማር በአንድ ጋራዥ ያየሁት ልማድ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፤ የተለወጠው አሮጌ ዕቃ በካርቶን ተደርጎ ከሒሳቡ ጋር ይመለስ ነበር። እዚህም መጠየቅ ነውር አይደለም። «ከመለወጣችን በፊት በምን አወቅነው?» ብለው ሲጠይቁት የሚቆጣ ሰውና «ና እይ» ብሎ ካንዴላውን የሚያሳይ ሰው ልዩነታቸው የዕውቀት መጠን ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ግምቱ ስህተት ሆኖ ሊገኝ የሚችልበትን ሙከራ በፊትዎ ያደርጋል።

የሙከራዎቹም ቅደም ተከተል ይናገራል። እንበልና ጉድለቱ በካንዴላና በገመድ የመሆን ዕድሉ 50 በመቶ፣ ምርመራው 100 ብር ይሁን፤ ከቴስታታ በታች የመሆን ዕድሉ 10 በመቶ፣ ከፍቶ ማየቱ 4000 ብር ይሁን። ዕድሉን ለወጪው ብናካፍል የመጀመሪያው ሙከራ ከሁለተኛው 200 እጥፍ ይበልጣል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ በየትኛውም ምክንያታዊ ቁጥር ግን ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። ከውዱ የሚጀምር ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ ያውቃል።

መካኒክ ለመፈለግ ከሁሉ የተሻለው ቦታ መናኸሪያ ይመስለኛል። ከላሊበላ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር መኪናው አንድ ቀን ከቆመ የዕለት ገቢው ይቀራል፤ በየሳምንቱ ወደ አንድ ጋራዥ ስለሚመለስም መካኒኩ እሱን ማታለል አያዋጣውም። አንድ ጊዜ አልፎ የሚሄድ እንግዳ ይህ ዋስትና የለውም፤ ሹፌሩ የሚሄድበት ጋራዥ ሄዶ «እገሌ ነው የላከኝ» ሲል ግን የሹፌሩን ዋስትና በከፊል ይዋሳል። እርግጥ አብዛኛው ሚኒባስ ናፍጣ ነው፤ ናፍጣ ካንዴላ የለውም፣ ክሽፈቱም ከኢንጀክተርና በነዳጅ መሥመር ከገባ አየር የሚመጣ ነው። የናፍጣ አዋቂ የኮምፒዩተር ቤንዚን መኪና አዋቂ ላይሆን ስለሚችል ሹፌሩን «ለቤንዚንስ ማን ይሻላል?» ብሎ መጨመር ይጠቅማል። ዕቃውም ከሶማሌ ተራ የሚመጣ ከሆነ መካኒኩ የሚጽፍልዎት ዝርዝር ላይ የሲሊንደሩ ቁጥርና የተደረገው ሙከራ አብሮ እንዲጻፍ ይጠይቁ።

አንድ ልማዳችን ግን ሐቀኛውን መካኒክ ይጎዳል። ሁለት ሰዓት መርምሮ የ200 ብር ገመድ የለወጠን ሰው «ገመድ ለመለወጥ ይህን ሁሉ?» ብለን ዋጋ እንከራከረዋለን፤ ሞተር ላወረደው ግን ሳናንገራግር እንከፍላለን። ለዕቃና ለጉልበት ብቻ የሚከፈል ከሆነ ብዙ ዕቃ የሚለውጠው ያተርፋል፣ አስቦ ያገኘው ይከስራል። የምርመራውን ዋጋ ከጥገናው ለይቶ አስቀድሞ መስማማት ለሁለቱም ይበጃል።

ያገለገለ መኪና ለመግዛት ያሰበ ተማሪ ካለ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ እንዲነሳ ይጠይቅ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ሌላ ቀን ይመለስ። በሚኒሞ መስተዋቱን ይመልከት፣ ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ ይፈትነው፣ ካንዴላዎቹን ያስወጣና በተራ ደርድሮ ያነጻጽር። ፈካ ያለ ቡናማ ጤና ነው፤ ደረቅ ጥቁር የቤንዚን ብዛት፣ ቅባታም ጥቁር ዘይት፣ የነጣና የተቃጠለ ደግሞ የቤንዚን ማነስ ወይም የሙቀት ብዛት ነው። ጭመቃውን ያስለካና አራቱን ቁጥሮች በማስታወሻ ይጻፍ፤ ቀኑን፣ ሞተሩ ሞቆ ወይም ቀዝቅዞ መሆኑን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የተለካበትን ከተማ ስም ከጎናቸው ያስፍር፤ በላሊበላ የተጻፈ 8.6 እና በሚሌ የተጻፈ 8.6 አንድ አይደሉምና።